ደመወዝ ቆራጩ ማን ነው?

ዴንማርክ ውስጥ የአንድ ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚ አባት ሲሆን የሠራተኞቹ ደመወዝ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ይህን ያገኙት የአልቦርግ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ዳልና አሜሪካ የሚያስተምሩት ክሪስቲያን ዴዦ እና ዴቪድ ሮስ ናቸው። ሦስቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2006 ያለውን የብዙ ሺህ ድርጅቶች የደመወዝ መዝገብ ከአለቆቹ የቤተሰብ መዝገብ ጋር አመሳክረው በ2012 አሳተሙት። አዲስ የተወለደችው ልጅ ሴት ስትሆን ቅነሳው ይለዝባል። የአለቃው የመጀመሪያ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ደመወዝ ጭራሽ ከፍ ይላል። ሴት ሠራተኞች ከወንዶቹ ያነሰ ይጎዳሉ፤ የአለቃው የበኩር ልጅ ሲወለድ እንዲያውም የእነሱ ክፍያ ይጨምራል፣ ልጁ ወንድም ሆነ ሴት።

በገንዘብ ሲሰላ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሚያስደንቀው ግን ምንም ሌላ ነገር አለመለወጡ ነው። የድርጅቱ ገበያ ያው ነው፣ ሠራተኞቹ ያው ናቸው፣ ማሽኑም ያው ነው። የተለወጠው የአንድ ሰው ቤት ብቻ ነው፤ እሱ ቤት የገባው እንግዳ ደግሞ የብዙ ሰዎች የደመወዝ ወረቀት ላይ አሻራውን ትቷል።

ደመወዝ እንዴት እንደሚወሰን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገበያው ነው» የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጋዜጣም ሆነ በቴሌግራም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ብዙው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ይላል፤ ስኬሉን ማን እንደሠራው ግን የሚነግር ማስታወቂያ የለም። የምጣኔ ሀብት መማሪያ መጻሕፍትም ለረጅም ጊዜ ያስተማሩት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሠራተኛ ፈላጊ ድርጅቶች በአንድ በኩል፣ ሥራ ፈላጊዎች በሌላ በኩል ተገናኝተው ዋጋው ይቆረጣል፤ አለቃ ማለት ያንን ዋጋ ተቀብሎ የሚፈርም ሰው ነው።

ይህ ማብራሪያ ውሸት አይደለም፣ ጎደሎ ነው። ገበያው ወለልና ጣሪያ ያበጃል። ከወለሉ በታች የሚከፍል ሠራተኛ አያገኝም፣ ከጣሪያው በላይ የሚከፍል ይከስራል። በሁለቱ መሀል ያለው ቦታ ግን ሰፊ ነው። እዚያ ውስጥ ደመወዙ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው በአብዛኛው ከላይኛው ፎቅ የተቀመጠው ሰው ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ያወቁት አለቆችን እግር በእግር በመከተል ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ከአንዱ ድርጅት ወጥቶ ሌላው ጋ ሲገባ የክፍያ ልማዱን ይዞ ይሄዳል ወይስ አዲሱ ድርጅት በራሱ ልማድ ይቀርጸዋል? አሜሪካ ውስጥ ማሪያን በርትራንድ እና አንቷኔት ሾር በ2003 ባሳተሙት ጥናት አለቆች የኢንቨስትመንትና የገንዘብ አያያዝ ስልታቸውን ከድርጅት ድርጅት ይዘው እንደሚዞሩ አሳዩ። ፓውሎ ባስቶስ እና ናታሊያ ሞንቴይሮ ደግሞ በ2011 የፖርቱጋል ድርጅቶችን መዝገብ ይዘው ጥያቄውን ወደ ደመወዝ አመጡት። መልሱ ያው ሆነ፤ የበላይ አለቃው ማንነት የሠራተኞቹን ክፍያ ይለውጠዋል።

እንዴት? ዋና ሥራ አስፈጻሚ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ ቁጭ ብሎ አይቆርጥም። የሚወስነው ከዚያ ቀደም ያለውን ነው። ዓመታዊ በጀት ሲያዝ ለደመወዝ የሚመደበው ድርሻ ስንት ይሁን? የሰው ኃይል አስተዳደር የደመወዝ ጥናት ሲያስጠና ድርጅቱ ራሱን ከየትኞቹ ድርጅቶች ጋር ያወዳድር፣ ከመሀለኛው ጋር ይሰለፍ ወይስ ከፍ ከሚከፍሉት ጋር? ትርፉ ያልተጠበቀ ከፍታ ላይ ሲደርስ ቦነስ ይሰጥ ወይስ ሁሉም ለባለአክሲዮን ይከፋፈል? ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ድርድር ሲከፈት ምን ይዞ ይቀረብ? ጥበቃው፣ ጽዳቱና የምግብ ዝግጅቱ የድርጅቱ ቅጥረኛ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ለሌላ አቅራቢ ይሰጥ?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ዴቦራ ጎልድሽሚት እና ዮሐንስ ሽሚደር በ2017 ያሳተሙት የጀርመን ጥናት እንደሚለው ግን የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የምግብና የጭነት ሥራ ወደ አቅራቢ ድርጅት ሲዛወር፣ ያው ሰው ያንኑ ሥራ ያንኑ ቦታ ላይ እየሠራ ክፍያው ሥራቸው ካልተዛወረባቸው ጋር ሲነጻጸር ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። ውሳኔው በአንድ ስብሰባ ላይ በአንድ ፊርማ ያልቃል፣ የሚነካው ግን ስብሰባው ውስጥ ያልነበሩትን ነው።

በዚህ መስክ ብዙ ካነጋገሩት ጥናቶች አንዱ በ2022 የወጣው የዳሮን አሴሞግሉ፣ የአሌክስ ሺ ሄ እና የዳንኤል ለ ሜር ሥራ ነው። አሴሞግሉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሥራው፣ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱ ሆኗል። ሦስቱ ተመራማሪዎች የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው። በቢዝነስ አስተዳደር የተመረቀ ሰው፣ ማስተርስም ይሁን የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የድርጅቱን የበላይ ወንበር ሲይዝ የሠራተኛው ደመወዝ ምን ይሆናል?

አሜሪካ ውስጥ በአምስት ዓመት ጊዜ ደመወዝ 6 በመቶ ዝቅ ይላል። ዴንማርክ ውስጥ 3 በመቶ። ድርጅቱ ከሚያመነጨው እሴት ውስጥ የሠራተኞቹ ድርሻም አሜሪካ 5፣ ዴንማርክ 3 የመቶኛ ነጥብ ይወርዳል።

አንባቢ ወዲያው አንድ መከራከሪያ ይመጣለት ይሆናል፤ የተማረ አስተዳዳሪ ድርጅቱን ያሳድጋል፣ ቁጠባውም ለዕድገት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ፈትሸዋል። እነዚህ ድርጅቶች ከሌሎቹ የበለጠ ምርት አላመረቱም፣ የበለጠ ኢንቨስት አላደረጉም፣ የሠራተኛ ቁጥራቸውም በተለየ ፍጥነት አላደገም። የውጭ ገበያ በድንገት ሲከፈት የሆነው ነገር ደግሞ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በቢዝነስ ያልተመረቁት አለቆች ከውጭ ሽያጩ ከመጣው ትርፍ ለሠራተኞቻቸው ያካፍላሉ። በቢዝነስ የተመረቁት አያካፍሉም። ዕድሉን ተጠቅሞ ሽያጭ በማሳደግ ረገድ ግን ከመጀመሪያዎቹ አልበለጡም።

ሌላው መከራከሪያ፣ ቀድሞውንም እጀ ጠባብ የሆነ ሰው ነው ቢዝነስ የሚያጠና የሚል ይሆናል። ለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ ዴንማርክ ተማሪዎች ሄዱ። ተማሪዎች በአርአያነት የሚያዩዋቸው ሰዎች የመረጡት ትምህርት የእነሱንም ምርጫ እንደሚስብ ይታወቃል። በዚህ ሰበብ ወደ ቢዝነስ ትምህርት የገቡትን ለይተው ሲያዩ ውጤቱ አልጠፋም። ልማዱ ከክፍል ውስጥ የተቀሰመ ነው ማለት ነው። በ1970 ሚልተን ፍሪድማን በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ይህ ሐሳብ በብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች እንደ መነሻ ተይዟል። ሠራተኛው በዚያ ትምህርት ውስጥ የወጪ መስመር ሆኖ ይመጣል። ወጪ ደግሞ እንዲቀነስ ነው የሚማሩት።

ዲግሪ ሳይኖረው ሠራተኛውን በሌላ መንገድ ያሰላው ሰው ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ጊዜ ተሸራርፎ ስለሚነገር ማየቱ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1913 በሚሺጋን ሃይላንድ ፓርክ የሚገኘው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። ሥራው ፈጣን ሆነ፣ ሰው የሚያሰለችም ሆነ። ሠራተኛው ገብቶ ቀናት ሳይቆይ ጥሎ ይሄድ ጀመር። በዚያ ዓመት የሠራተኛው ፍልሰት 370 በመቶ ደረሰ። 14 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ለማቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ያስፈልግ ነበር። አንዱ ሲሠለጥን አንዱ ይለቃል፤ መስመሩ ላይ ያለው ቦታ ባዶ ሲሆን ሁሉም ይቆማል።

ጥር 1914 ላይ ሄንሪ ፎርድ እና ምክትሉ ጄምስ ካዘንስ ጋዜጠኞችን ጠርተው የቀን ክፍያው 5 ዶላር፣ የሥራ ሰዓቱም ከ9 ወደ 8 እንደሚሆን አስታወቁ። ከዚያ በፊት የተለመደው የቀን ክፍያ 2.34 ዶላር ነበር። ሐሳቡን አጥብቆ የገፋው ካዘንስ መሆኑን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ወሬው በተሰማ ማግስት ብርዱን ችለው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በር ላይ ተሰበሰቡ፤ ሕዝቡ ሲበዛ ፖሊስ በቱቦ ውሃ ረጭቶ በተነው። ፍልሰቱ በ1914 ወደ 54፣ በ1915 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ከሥራ መቅረትም ከ10 በመቶ ወደ 2.5 በመቶ ዝቅ አለ። ዳንኤል ራፍ እና ላውረንስ ሰመርስ በ1987 ይህን መዝገብ ገልጠው ሲመረምሩ ጭማሪው ምርታማነትን ከፍ እንዳደረገ፣ ትርፉም እንዳልተጎዳ አይተዋል። በዚያን ዘመን ዲትሮይት ውስጥ ሌሎች ፋብሪካዎች በግማሹ ሰው ያገኙ ነበር። ስለዚህ 5 ዶላሩን ገበያ አላስገደደውም፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የመረጡት ነው።

ምርጫው ግን ሰንሰለት ነበረው። ከ5 ዶላሩ ግማሽ የሚያህለው የትርፍ ድርሻ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ ያንን የሚያገኘው ብቁ ተብሎ የታወቀ ሠራተኛ ብቻ ነው። ብቁነቱን የሚያጣራው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል የሚባል ቢሮ ተቋቋመ። መርማሪዎቹ የሠራተኛውን ቤት ያንኳኳሉ፣ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን ያያሉ፣ ይጠጣ እንደሆነ፣ ገንዘብ ያስቀምጥ እንደሆነ፣ ከሚስቱ ጋር በሰላም ይኖር እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሴቶች መጀመሪያ ላይ ከዕቅዱ ውጭ ነበሩ፤ የተካተቱት በ1916 ነው። ከአለቃ በጎ ፈቃድ የመጣ ደመወዝ የአለቃውን አመል ይዞ ይመጣል። አለቃው ሐሳቡን ሲለውጥም ይለወጣል፤ ፎርድ በ1929 ዝቅተኛውን የቀን ክፍያ 7 ዶላር አድርሶት ነበር፣ በ1932 የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲጠና ወደ 4 ዶላር አወረደው። በ1937 የሠራተኛ ማኅበር አደራጆች በሩዥ ፋብሪካው በር ላይ በድርጅቱ የጥበቃ ሰዎች ተደበደቡ። ድርጅቱ ከማኅበሩ ጋር የኅብረት ስምምነት የፈረመው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1941 ነው።

ፎርድን ከሠራተኛው በላይ የተቆጣው ደግሞ ባለአክሲዮኑ ነበር። ወንድማማቾቹ ጆን እና ሆራስ ዶጅ ትርፉን ለማስፋፊያና መኪናውን ለማርከስ ከማዋል ይልቅ ለባለድርሻ አካፍል ብለው ከሰሱት። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1919 ፈረደላቸውና 19.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል አዘዘ። ፎርድም በዚያው ዓመት የሌሎቹን አክሲዮን ገዝቶ ድርጅቱን ለቤተሰቡ ጠቀለለ።

ይህ የባለአክሲዮን ቁጣ ክር እስከ ዛሬ አልተበጠሰም። ጅምላ ቸርቻሪውን ኮስትኮን በ1983 ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጂም ሲኔጋል ድርጅቱን እስከ 2011 መጨረሻ ሲመራ ለሠራተኛው ከሌሎች ቸርቻሪዎች ከፍ ያለ ሰዓታዊ ክፍያና የጤና መድን ይሰጥ ነበር። የራሱ ደመወዝ ለብዙ ዓመታት 350 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፤ በእሱ ደረጃ ላሉ አለቆች ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው። የዎል ስትሪት ተንታኞች ግን ይህ ድርጅት ከባለአክሲዮኑ ይልቅ ለሠራተኛና ለደንበኛ ያዳላል ብለው ይወቅሱት ነበር። ሲኔጋል የሰጠው መልስ በቁጥር ነው፤ ሠራተኛው አይለቅም፣ ሥርቆት አነስተኛ ነው፣ ስለዚህ ወጪው ይመለሳል።

ሌላውን ቸርቻሪ ዋልማርትን የገጠመው ከዚህ ይከፋል። በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ዳግ ማክሚሎን በየካቲት 2015 የግማሽ ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች ክፍያ መጀመሪያ በሰዓት 9፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 10 ዶላር እንደሚሆን አስታወቀ። በጥቅምት ወር ድርጅቱ የደመወዝ ወጪው የመጪውን ዓመት ትርፍ እንደሚቀንስ ሲናገር አክሲዮኑ በአንድ ቀን 10 በመቶ ወደቀ፤ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ጠፋ። ማክሚሎን ውሳኔውን አላጠፈም። ይህን ቀን ያየ ሌላ ሥራ አስፈጻሚ ግን ደመወዝ ለመጨመር ሲያስብ እጁ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ የራሱ ክፍያ አብዛኛው ከአክሲዮን ዋጋ ጋር የተያያዘ ነውና። የአለቃውን ቦነስ በአክሲዮን ዋጋ ማሰር የሠራተኛውን ጭማሪ ከአለቃው ኪስ ጋር ያጋጫል። ይህን ያበጀው ሰው ነው፣ ሰው ሊለውጠው ይችላል።

አለቆች ደመወዝን በግልጽ ሳይቀንሱ ማፈን እንደሚችሉም ሲሊከን ቫሊ አሳይታለች። በአፕል፣ በጉግል፣ በኢንቴል፣ በአዶቢ እና በሌሎችም ኩባንያዎች አናት ላይ የነበሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ደውሎ ላለመጋበዝ ተስማምተው ነበር፤ አትንኩብኝ፣ አልነካባችሁም እንደ ማለት። መሐንዲስ ደመወዙ የሚያድገው ሌላ ኩባንያ ሲፈልገው ነው፤ ያ ስልክ ካልደወለ ጭማሪ የሚጠይቅበት አቅም የለውም። ፍርድ ቤት የቀረቡት ኢሜይሎች እንደሚያሳዩት የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ከጉግል መሥራቾች አንዱ የሆነው ሰርጌይ ብሪን ጋ ደውሎ ከሰዎቹ አንዱን ቢቀጥሩ ጦርነት እንደሚሆን ዝቷል። ተመሳሳይ ጥያቄ የቀረበለት የፓልም ኩባንያ አለቃ ኤድ ኮሊገን ግን ይህ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል ብሎ እምቢ አለ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2010 ስድስት ኩባንያዎች አሠራሩን እንዲያቆሙ አስማማ። 64 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞችን ወክሎ የቀረበው ክስም አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች 415 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው በ2015 ተዘጋ። በሠራተኛ ብዛት ሲካፈል ጠበቆች ድርሻቸውን ሳይወስዱ ለአንድ ሰው 6,500 ዶላር አይሞላም።

የአለቃ ልግስና ማን ጋ እንደሚደርስ የስዊድን ተመራማሪዎች ያዩት ነገርም መጠቀስ አለበት። ሄንሪክ ክሮንክቪስትና አራት ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ባለቤቶች በቀላሉ የማይነቀንቁት ሥራ አስፈጻሚ ለሠራተኞቹ የተሻለ ይከፍላል። ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት ግን በማዕረግ ለእሱ የሚቀርቡት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አጠገብ የሚሠሩትና ጠንካራ ማኅበር ያላቸው ናቸው። በየቀኑ ሊፍት ውስጥ የሚያገኘውን ሰው ቅር ማሰኘት ለአለቃውም ከባድ ነው። ሩቅ ባለ ቅርንጫፍ ያለው ሠራተኛ ግን ለእሱ ስም እንኳን አይደለም፣ ቁጥር ነው።

ርቀት ደመወዝ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሐዋሳ ላይ ይታያል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ታስቦ ነበር። ዋና ገዥው የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት የንግድና ሰብዓዊ መብት ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሬ 750 ብር ገደማ ነበር። ይህ በዓለም ልብስ ስፌት ከሚከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው ነው ሲል ሪፖርቱ ጽፏል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ አይበቃም ነበር፣ አንዲት ክፍል ለብዙ ተካፍለው ያድሩ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኛው ፍልሰት 100 በመቶ ያህል ነበር።

ፎርድ 370 በመቶ ሲገጥመው ደመወዙን እጥፍ አደረገ። ሐዋሳ ላይ ይህ አልሆነም፤ ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። እዚያ የነበረው የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የሚሸጥበትን ዋጋ ራሱ አይቆርጥም ነበር። የሸሚዙን ዋጋ የሚቆርጠው ኒው ዮርክ የተቀመጠው የግዢ ኃላፊ ነበር፤ የብዙዎቹ ፋብሪካዎች ባለቤት ደግሞ እስያ ነበር። መንግሥትም ኢንቨስተር ሲጠራ ርካሽ ጉልበት እንዳለ ይናገር ነበር። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ የቀረው አዲስ ሴቶችን ደጋግሞ ማሠልጠን ነበር፣ ያም ወጪ ነው፤ ልዩነቱ በደመወዝ መስመር ላይ አለመታየቱ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ላይ ያደረጉትና በ2018 የታተመው ጥናትም፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ እንደለቀቁ፣ ገቢያቸውም በሌላ ሥራ ከሚያገኙት እንዳልተሻለ አሳይቷል።

መንግሥታት አለቃው ላይ ልጓም ለማበጀት ሞክረዋል። አሜሪካ ከ2018 ጀምሮ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ብዙ ኩባንያዎች የዋና ሥራ አስፈጻሚውን ክፍያ ከመካከለኛው ሠራተኛ ክፍያ ጋር አነጻጽረው እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች። የስዊዘርላንድ ሕዝብ የአለቃው የወር ክፍያ ከዝቅተኛው ሠራተኛ የዓመት ክፍያ አይብለጥ የሚለውን ሐሳብ በኅዳር 2013 በሕዝበ ውሳኔ 65 በመቶ በሆነ ድምፅ ጣለው። እስራኤል የሄደችበት ራቅ ይላል። ፓርላማዋ ክነሴት በ2016 ያወጣው ሕግ የባንክና የኢንሹራንስ አለቆች ክፍያ ከ2.5 ሚሊዮን ሼቄል በላይ ከሆነ እንዲጸድቅ፣ ከዝቅተኛ ተከፋዩ 35 እጥፍ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ሲቆጠርም በአቅራቢ ድርጅት በኩል የሚሠራው የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ ይካተታል። አለቃው የራሱን ማሳደግ ከፈለገ መጀመሪያ ወለል የምትወለውለውን ሴት ደመወዝ ማሳደግ አለበት። 

ኢትዮጵያ ውስጥ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ረጅም ዘመን ተሠርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ወለሉ እንዲወሰን ሲጠይቅ ቆይቷል። ማኅበር ያላቸው ድርጅቶች ደመወዛቸውን በኅብረት ስምምነት ይደራደራሉ። ማኅበር የሌለበት ግን የአለቃውን ፈቃድ ይጠብቃል።

ለድርድር የሚሆን ቁጥር ግን ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ቅርብ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ አስገድዷል። ደረጃው ድርጅቱ ለቁልፍ አመራሮቹ የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ በማብራሪያ እንዲያሰፍር ያዛል። የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ የሠራተኛ ደመወዝና ጥቅማጥቅም ወጪን፣ የተከፋፈለውን የትርፍ ድርሻና የአመራሩን ክፍያ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የባንኩ ፕሬዚዳንት ከተለወጠበት ዓመት በፊትና በኋላ ያሉትን ሦስት ሦስት ሪፖርቶች ያስቀመጠ የማኅበር ሊቀመንበር፣ ፖርቱጋልና ዴንማርክ ላይ ተመራማሪዎች ያደረጉትን ሥራ በትንሹ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሠራ ማለት ነው።